ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጉብታ

በፈረንጆቹ 1899 ሰኔ ወር፣ በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በኪንሃቨን የጎልፍ ሜዳ፣ ትንሿን ኳስ በዱላ እየመቱ ከሚያስገቡባቸው ጉድጓዶች በሰባተኛው አጠገብ የቆሙት እነዚህ ነበሩ፦ ያንን የአያት ቅድመ አያት ሜዳ እንደ አዲስ የነደፉት ዝነኛው ሚስተር ላምስደን፣ የክለቡ ሊቀ መንበር ዳቦ ጋጋሪው ኦጊልቪ ከነጓደኞቹ፣ የሜዳው ኃላፊ ሂዩ ገላትሊ እና የእህቱ ባል ዱጋል። ዱጋል አካፋ ይዟል።

ሚስተር ላምስደን ባለፈው መከር መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲዞሩ ውለው ችካል ተክለው ሄደዋል። ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ይቆፈር፣ ቀይ የታሰረበት አይነካ ማለት ነበር። ከሰባተኛው ጉድጓድ ፊት ለፊት በጎች ከነፋስ የሚጠለሉበት ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ቀይ አሰሩ።

ሂዩ ግን ጉብታውን ባየ ቁጥር ያፍር ነበር። ለታደሰው ሜዳ መክፈቻ ከኤዲንብራ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ሥራ አያውቅም እንዲሉት አልፈለገም። ስለዚህ በጸደይ ዶማ አነሣ።

«ተው ሂዩ፣ ቀይ ነው» አለው ዱጋል።

«አንተ ደግሞ ጨርቅ ካየህ ትሰግዳለህ እንዴ? የሚስትህን ሆድ የመሰለ ጉብታ ለእንግዳ ላሳይ?»

«ሚስቴ እህትህ መሆኗን አትርሳ።»

ሂዩ ስቆ መናድ ጀመረ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ተስተካከለ።

አሁን ሚስተር ላምስደን ጉብታው የነበረበትን ቦታ በጫማቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጉብታዬ የት ሄደ?» አሉ። «ኳሷ ዝም ብላ ተንከባላ የምትገባ ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? ይህን ሜዳ የነደፍኩት ከዚያ ጉብታ ተነሥቼ ነው!»

ኦጊልቪ ዱጋል የያዘውን አካፋ አየ። «አንተ ነህ አይደል? አካፋ ከሰጡህ ቤተ ክርስቲያኑንም ትንዳለህ!» ጓደኞቹ ሳቁ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።»

ዱጋል ዞሮ ሂዩን አየው። ሂዩ ጫማውን ያይ ነበር። ዱጋል አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ በባሕሩ ዳር በኩል ሄደ።

ማታ ሂዩ ሚስተር ላምስደንን ባቡር ጣቢያ ደረሰባቸው።

«ጌታዬ፣ ጉብታውን የናድኩት እኔ ነኝ። ዱጋልማ ተው ብሎኝ ነበር።»

«ለእኔ መንገርህ ምን ይጠቅማል? እኔ መሄዴ ነው። ሰውየው የተሰደበው እዚያ ነው፤ እዚያ ሄደህ ተናገር።»

የሂዩ ፊት ጋለ። ጣቢያ ድረስ የመጣው ማንም የሚሰማው ስለሌለ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል።

ክለቡ ቤት ሲገባ ኦጊልቪና ጓደኞቹ ውስኪ ይዘዋል። ቆቡን አውልቆ ተናገረ።

«ጮክ በል እንጂ» አለ ኦጊልቪ፤ «እነዚያ ጥግ ያሉት አልሰሙህም።»

ደገመው። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ቢስቁ ይሻለው ነበር። «እንግዲያው ዱጋል ሰኞ ሥራው ይግባ» አለ ኦጊልቪ።

ከዚያ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችው።

«ዱጋል አለ?»

«አለ። ፊትህን ማየት አይፈልግም።»

«ሥራው ተመልሶለታል በይው።»

«ይህንንማ ኦጊልቪ ራሱ ይንገረው» አለችና ዘጋችው።

ኦጊልቪ ራሱ ሄዶ ነገረው፤ ሰኞ ዱጋል ሥራ ገባ። ሂዩ በጋሪ አሸዋ እያመላለሰ ጉብታውን መልሶ መሥራት ጀመረ። ዱጋል በሜዳው በሌላኛው ጫፍ ሣር ሲያጭድ ዋለ፤ አላናገረውም።