ዘውዱ የተነቀለበት መንገድ

ክፍለ ሀገሩ አውራ ጎዳናውን ለወረዳው ጥሎ ሲሄድ መጀመሪያ ያስነቀለው የክፍለ ሀገሩ መንገድ መሆኑን የሚያሳየውን፣ ዘውድ የተሳለበትን የመንገዱን ቁጥር ሰሌዳ ነው። ኤልዳ ከምግብ ቤቷ መስኮት ሆና አየች፤ ሠራተኞቹ ፈትተው እንደ አሮጌ ቆርቆሮ መኪና ላይ ወረወሩት። ያንን አስፋልት ካነጠፉት አንዱ ሟች ባሏ ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ የምትኖረው ግንድ ጭነው ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ለሚወርዱ ሹፌሮች እንቁላልና ድንች እየጠበሰች ነው።

ወረዳው እንኳን ለአውራ ጎዳና ለአንዲት ድልድይም አቅም አልነበረውም። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ አስፋልቱ ተቦረቦረ። የወረዳው ሊቀመንበር ግሌን ሰዉን አዳራሽ ሰብስቦ፣ "ወይ አስፋልቱን ገፍፈን ጠጠር እናደርገዋለን፣ ወይ ከባድ መኪና እንከለክላለን" አለ።

"ጠጠር?" አለች ኤልዳ ተነስታ። "ባሌ የለፋበትን? እኔ ቆሜ አይሆንም።"

"እንግዲህ መኪናው ይከልከል ማለትዎ ነው?"

"ይከልከላ።"

በዚያ አገር የከባድ መኪና ክልከላ የጸደይ ነገር ነው። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲላላ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ሲደርቅ ይወርዳል። ኤልዳም እንደ ወትሮው የጸደይ ብቻ መስሏት እጇን አወጣች፣ ጎረቤቶቿንም እየጎሸመች አስወጣች። እስከ መቼ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

መሬቱ ደረቀ። ሰሌዳው አልወረደም። ደወለች።

"ለዘለቄታው ነው የወሰንነው፣ ወይዘሮ ኤልዳ" አለ ግሌን።

"መቼ ዘለቄታ አልክ?"

"እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ?"

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የድሮ ደንበኛዋ፣ የግንድ መኪና ሹፌሩ ጋኤታን፣ ከባዱን መኪና ትቶ በገዛ ትንሽ መኪናው መጣ።

"አንቺ ግትር፣ በዚያ ማዶ ዞረን እኮ ነው የምንሄደው። ጠጠር ቢሆን ምን ነበረበት? የሚረግጠው ጎማ ነው፣ የእኛ እግር አይደል።"

"ዝም ብለህ ብላ።"

"ይሄን ሁሉ ድንች ብቻዬን?" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እሷ አልሳቀችም።

"በገዛ እጄ ነው ቤቴን የዘጋሁት" አለች።

"ሄደሽ ለምኛቸዋ።"

"ለመንኩ። ግዴለም ጠጠር አድርጉት አልኳቸው። አሁን ለጠጠሩም ገንዘብ የለም አሉኝ።"

ጋኤታን አቀርቅሮ በላ።

እሱ ሲሄድ ምድጃውን አጠፋችና ወጥታ መሀል መንገዱ ላይ ቆመች። ድሮ እዚያ መቆም ሞትን መጥራት ነበር። ባሏ ያነጠፈው አስፋልት ከእግሯ ስር አለ፣ እንዳለችውም ጠጠር አልሆነም። ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። እስኪበርዳት ቆመች። ምንም አልመጣም።