አምስተኛው የጉብታ ጉብኝት

ኦርቪል ታኬት በሃያ ዘጠኝ ዓመት የቤዝቦል ዳኝነቱ እንደ ጉብታው ወሬ ያደከመው ነገር የለም። ወርዋሪው ሲጨንቀው አሰልጣኙ ወይም ከመቺው ኋላ ኳስ የሚይዘው ቀላቢ ጨዋታ አስቁሞ ወርዋሪው የቆመበት የአፈር ጉብታ ላይ ይወጣል። ኦርቪል በልቡ ሠላሳ ይቆጥርና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሊበትናቸው ቀስ እያለ ይሄዳል። ምክር ነው ይባላል። እዚያ የሚወራውን ሕዝቡ ቢሰማ ግን የትኬታችንን መልሱልን ባለ ነበር፤ ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው፣ ስለ አማት ነው፣ ማታ የት እንደሚበላ ነው። ሊጉም ሰልችቶት ለአንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ አምስት ጉብኝት ብሎ ቆረጠ። አምስቱ ካለቀ በኋላ አሰልጣኝ ነጩን መስመር ከተሻገረ ወርዋሪው ይወጣል፤ ይግባኝ የለውም።

የዚያን እሑድ ከሰዓት ሙቀቱ ከአጥሩ ማዶ ያለውን በቆሎ እንኳ አጠውልጎታል። የሊጉ የዳኞች ኃላፊ ክሬንሾ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደብተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ለምን እንደመጣ ኦርቪል ያውቃል። በግንቦት ጉልበቱ ሲከዳው አይቶት፣ "ሰውነትህ ካልቻለ ለሚቀጥለው ዓመት አንፈርምም" ብሎታል ፊት ለፊት። እውነት ነው፣ ኦርቪል ደክሟል፤ ካልሲ ማጥለቅ ራሱ ሥራ ሆኖበታል። ቢሆንም ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ በቃኝ ብሎ በገዛ እግሩ መሄድ ይፈልጋል። የቀረችው አንድ ዓመት ናት።

ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ነው። እንግዳው ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል። ወርዋሪያቸው ሃልቮርሰን በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ብቻውን ተሸክሞ እዚህ አድርሶታል፤ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ቀርቶታል።

የወረወራት ኳስ የመቺውን ዱላ ጫፍ ነክታ መጣችና ከቀላቢው ኋላ የቆመውን ኦርቪልን አንገቱ ሥር፣ አጥንቱ ላይ አገኘችው።

ትንፋሹ ቀጥ አለ። ተመትቻለሁ ብሎ ጨዋታውን ማስቆም ይችል ነበር፣ ደንቡም ይፈቅድለታል። ግን ክሬንሾ ያያል። ኦርቪል ምንም እንዳልሆነ ሰው የፊት መከላከያውን አስተካከለ።

የእንግዳው ቡድን ቀላቢ ኤሊሴዮ ከፊቱ ቁጢጥ እንዳለ፣ ሳይዞር አናገረው።

"ጋሼ ኦርቪል፣ እየተነፈሱ ነው?"

"ሥራህን ሥራ።"

"ድምፅዎ እኮ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ሆነ" አለና ተነሥቶ ወደ ጉብታው ሄደ።

የቆየ ልማድ ነው። ቀላቢውን ኳስ ሲመታው ዳኛው መሬት ላይ ያለውን ነጭ ሰሌዳ፣ ንጹሕም ቢሆን፣ አጎንብሶ ይጠርግና ጊዜ ይሰጠዋል። ዳኛ ሲመታ ደግሞ ቀላቢው ወርዋሪው ዘንድ ሄዶ፣ ዳኛው ትንፋሽ እስኪያገኝ የማይረባ ወሬ ያወራለታል። ማንም ማንንም አያመሰግንም። ሠላሳ የሚቆጥረው ኦርቪል የዚያን ቀን ስልሳ ቆጠረ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

ከዚያ እጁ በልማድ ተነሣ። አምስት ጣቱን ዘርግቶ ጨበጠ፤ የእንግዳው ቡድን ጉብኝት አለቀ ማለቱ ነው። አሰልጣኛቸው ፓቭሊክ አላየውም፤ ጭንቅላቱን ባልዲ ውስጥ ከቶ የሚቆረጥመውን የሱፍ ፍሬ እየፈለገ ነበር።

ሃልቮርሰን አራት ኳስ አበላሽቶ መቺውን ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በነፃ አሳለፈው። ፓቭሊክ ተናዶ ከመቀመጫው ወጣ።

ደህና ዳኛ እንዲህ ያለውን ሰው መስመሩ ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ኦርቪል ሊሮጥ ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለ። ሊጮህ ሞከረ፣ ጉሮሮው እምቢ አለ። ፓቭሊክ መስመሩን ተሻገረ።

"ተሻገረ! አውጣው ወርዋሪውን! አንተ ሽማግሌ፣ መነጽር እናዋጣልህ እንዴ?" አገሬው በሙሉ ተነሣ።

"ምን ሆነው ነው?" አለ ፓቭሊክ።

"ጉብኝትህ አልቋል።"

"አራት ነው የወጣነው!"

"አምስት ነው" አለ ኤሊሴዮ ጫማውን እያየ። "አሁን እኔ ወጥቼ ነበር። ይቆጠር።"

"ምን ልትለው ወጣህ?"

"ስለ በቆሎው።"

ፓቭሊክ የኦርቪልን አንገት አየ፣ ቀላቢውን አየ፣ ገባው። ሃልቮርሰን ኳሷን ደረቱ ላይ ይዟታል፤ አንዱ መጥቶ የሚነጥቀው ይመስል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጁ ለእሱ ብሎ ላደረገው፣ ኦርቪል ቡድኑን ሊቀጣበት ነው። ኦርቪል አፈረ። የፊት መከላከያውን አወለቀና ወደ ሕዝቡ፣ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሮ አራት ጣቱን አነሣ።

"ያኛው ጉብኝት የእኔ ነው" አለ፣ በተረፈው ድምፅ። "ተመትቼ ነበር። መቆም አቅቶኝ ልጁ ነው ያሳረፈኝ። ለቡድኑ አይቆጠርም።"

የአገሬው አሰልጣኝ እየሮጠ መጣ። "አሁን ነው እንዴ የታመምከው?"

"ያኔ ነው። ያመንኩት አሁን ነው።"

ክሬንሾ አንድ መስመር ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። ኦርቪል ያችን መስመር ሳያነብ ቃል በቃል ያውቃታል።

ፓቭሊክ ጉብታው ላይ ወጣና "ትጨርሳለህ?" አለው። "እጨርሳለሁ" አለ ሃልቮርሰን። ኦርቪል ሠላሳ ቆጥሮ በተናቸው።

የሚቀጥለዋን ኳስ ተከታዩ መቺ ከአጥሩ በላይ በቆሎው ውስጥ ከተታት። ሁለት ሰው ገባ፤ አገሬው በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ቅድም ሲሰድበው የነበረው ሕዝብ "የኔ ጌታ ዳኛ!" እያለ ጮኸለት።

"ብታወጣው ኖሮ እናሸንፍ ነበር" አለ ፓቭሊክ ሲያልፍ።

"ይሆናል።"

ሃልቮርሰን ግን ቆም አለ። "ተሸንፌም ቢሆን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አለና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወረደ።

ኤሊሴዮ ከቦታው አልተነሣም። ፊቱን እንደሸፈነ ቁጢጥ ብሏል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ እንዲወረውር ለሃልቮርሰን ምልክት የሰጠው እሱ ነበር።

ኦርቪል ከኪሱ መጥረጊያውን አወጣ። በዚያ ጉልበቱ፣ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ልጁን ከለል አድርጎ ተንበረከከ። ሰሌዳው ንጹሕ ነው፣ ጨዋታውም አልቋል። መጥረግ ጀመረ።

ክሬንሾ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ጠራው። ኦርቪል በጎን አየው እንጂ ቀና አላለም። በልቡ ሲቆጥር ገና አሥራ ሁለት ላይ ነበር የደረሰው፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት እያለ ቀጠለ።