የዋፍሉ እንከን

ሚጢ አራተኛውን ዋፍል፣ ያን ባለ ጎድጓዳ ሰንጠረዥ ጣፋጭ ቂጣ፣ በሹካ ከመጋገሪያው አላቀቀችው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ገልብጣ አየችው፤ ጠርዙን ሰበር አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ አጎቷ ፊት ያለው ሳህን ላይ ጣለችው።

"ይሄም አይደለም" አለች።

አጎቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሁድ እረፍቱ ስለሆነ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ መጥቶ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተደላድሏል።

"እንከን አለው ብለሽ ከሆነ የምትጥይው፣ እስከ ማታ ጣይ" አላት እየጎረሰ። "የኔ ሆድ ጥሩ ፈታኝ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል።"

ሚጢ አልሳቀችም። ሴት አያቷ ግን ሳቅ ቢጤ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም።

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። መስኮቱ በእንፋሎት ደፍርሷል፤ ቀኑ ከአልጋ ላለመውረድ የተፈጠረ የክረምት ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አያት እንዲህ ያለውን ጠዋት ይወዱታል። የሚሳሱላቸው ሁሉ ከአንድ ጣሪያ ስር ናቸው፤ መንገድ የሚያንሸራትተው የለም፣ ብርድ የሚመታው የለም። ዛሬ ግን መጋገሪያው በተከፈተ ቁጥር ልባቸው ድንግጥ ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ሚጢ አንድ ትልቅ ኬክ ቤት ለጋጋሪነት ተፈትና ነበር። እያንዳንዱ ተፈታኝ የሚችለውን ይጋግር ሲባል እሷ ዋፍል ጋገረች። ላለፉት እስከ ሐሙስ እንደውልላቸዋለን ተባለ። የራሷ ስልክ ወድቆ ከተሰበረ ሰንብቷልና የሰጠችው የአያቷን ቁጥር ነበር። ሐሙስ ማታ የደወለ ሰው እንዳለ ጠየቀች። አርብም ጠየቀች። ሁለቱንም ቀን ማንም አልደወለም ተባለች። ቅዳሜ አልጠየቀችም፤ እንቁላልና የገበታ ቅቤ ገዝታ ገባች። ይኸው ከማለዳ ጀምሮ የጣላትን እንከን እየፈለገች ነው።

መጀመሪያ የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ ለይታ አረፋው ጠንክሮ እስኪቆም መታችው። ቀጥሎ ስኳሩን ቀነሰች። ለሦስተኛው ሊጡን ግማሽ ሰዓት አሳረፈችው፤ ለአራተኛው መጋገሪያውን እስኪጨስ አጋለችው። ሁሉም ከላይ ኩርሽም የሚሉ፣ ከውስጥ እንደ ጥጥ የለሰለሱ ነበሩ። አያት ጥርሳቸው ለኩርሽምታ አይሆንም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ቆርሰው ቀምሰዋል። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ አልቀመሱም። ይህንን እንኳ አፍ አውጥተው ማለት አልሆነላቸውም።

ኬክ ቤቱ ደውሎ ነበርና።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚጢ ፀጉሯን ስትታጠብ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊዋ ነኝ ያለች ሴት ልጅቷ ማለፏን፣ ሰኞ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሥራ እንድትገባ ነገረቻቸው። አያት የሰሙት አስር ሰዓቱን ብቻ ነው። ጨለማው ታያቸው፤ ጭር ያለው መንገድ፣ ውሻው፣ ሰካራሙ። ከዚያ ደግሞ ዱቄቱ። የሚጢ እናት ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በልጅነቷ አስም ሲነሳባት ደረታቸው ላይ አስደግፈው ትንፋሿን እየቆጠሩ ያነጉት እሳቸው ናቸው። "አስም አለባት፤ ዱቄት አይስማማትም፤ ትታዋለች" ብለው ስልኩን ዘጉት። ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድም ቀን እንዳልተነሳባት ይህንን ሲናገሩም ያውቁ ነበር። ማታ እነግራታለሁ አሉ። ማታ ሲሆን ነገ ይሻላል አሉ። ውሸት አንዴ ቤት ከገባ እንግዳ ሆኖ አይቀርም፤ ቤተኛ ይሆናል።

ሚጢ መምቻውን አስቀመጠች።

"ገባኝ። ሊጡ ምንም አላደረገም። እኔው ነኝ ሙያ የሌለኝ።"

"ኧረ ባክሽ፣ አምስተኛውን እየጠበቅኩ" አለ አጎቷ።

"ነገ ሄጄ አንቺ ያልሽውን የጸሐፊነት ትምህርት እመዘገባለሁ፣ እማማ። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው። አንቺም ታርፊያለሽ።"

አያት ይህቺን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምኗት ኖረዋል። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሲነጋ ወጥቶ ሳይመሽ መግባት። አሁን ሳይጠይቁ መጣችላቸው። ልጅቷ ግን ስትናገር ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም፤ ጠረጴዛው ላይ የደረቀ ሊጥ በጥፍሯ ትፍቃለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻ እንዲህ ይወድቃል?

"ደውለው ነበር" አሉ አያት።

ሹፌሩ ማላመጡን አቆመ።

"እነማን?" አለች ሚጢ።

"የኬክ ቤቱ ሰዎች። ሐሙስ ዕለት። ሰኞ ትግባ ብለው ነበር።"

የቀረውንም ተናገሩ፤ አስሙን፣ ዱቄቱን፣ ትታዋለች ማለታቸውን፣ አንድም ሳያስቀሩ። ትጮህብኛለች ብለው ነበር፤ ብትጮህ በወደዱ። እሷ ግን መጋገሪያውን ከሶኬቱ ነቅላ ገመዱን ቀስ እያለች ጠቀለለችው።

"ካመመኝ እኮ ስድስት ዓመት ሆነኝ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ታውቂያለሽ" አለች ሚጢ። ገመዱን አስቀመጠችና፣ "የደወለችው ሴት ስለ ዋፍሉስ ምን አለች?"

አያት ለማስታወስ ሞከሩ። ሴትዮዋ ብዙ ነገር ብላ ነበር፤ ሞቅ ባለ ድምፅ፣ እየሳቀች። እሳቸው ግን ቶሎ ዘግተው ለመገላገል ሲቸኩሉ አንድ ቃል አልያዙም።

"አላዳመጥኳትም" አሉ።

ሚጢ ክፍሏ ገባች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ሹፌሩ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ልጅ ሳለ እናቱ ውሃ ይወስደዋል ብለው ዋና እንዳይማር እንደከለከሉት አነሳባቸው። "ይኸው አርባ ዓመት ሞላኝ፤ ዛሬም ጓደኞቼ ሲዋኙ ልብስ ጠባቂ ነኝ" አለ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። "ደውይላት እማዬ። ኬክ ቤት እሁድ አይዘጋም።"

ደወሉ። ከሴትዮዋ ድምፅ ጀርባ ሳህን ይንኳኳል፤ ሰው ይጠራራል።

"ሐሙስ ዕለት የዋሸሁሽ ሴትዮ ነኝ" አሉ አያት። "ልጅቷ ጤነኛ ናት። ፈርቼ ነው።"

ኃላፊዋ ቦታውን አርብ ጠዋት ለሌላ ልጅ መስጠታቸውን፣ ያቺ ልጅ ነገ እንደምትጀምር፣ ለስድስት ወርም ሌላ ፈተና እንደማይኖር ነገረቻቸው። አልተቆጣቻቸውም። አያትም አልለመኗትም፤ መለመን የሚገባቸው አልመሰላቸውም።

"እሺ" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ያን ዕለት ስለ ዋፍሉ ያልሽኝን ለራሷ ትነግሪያታለሽ?"

ሴትዮዋ እሺ አለች።

ሚጢ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። አያት እንዳትጓጓ ብለው ቦታው ለሌላ መሰጠቱን አስቀድመው ነገሯት፤ ከዚያ ስልኩን ዘረጉላት። ወዲያው አልተቀበለቻቸውም። አያት አልጋው ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ተቀበለችና፣ በሚሰማ በማይሰማ ድምፅ "ሄሎ" አለች።

ይህቺ ልጅ በስልክ ስታወራ አያት ከበር ኋላ ሳይቆሙ ያለፉበት ቀን የለም። ማነው፣ ምን አለሽ፣ የት ልትሄጂ ነው ሳይሏት ውለው አያውቁም። ዛሬም እግራቸው ደፉ ላይ ተተከለ። "አመሰግናለሁ" ስትል ሰሙ፤ ቀጥሎም "የቱ? ጠርዙ?" ስትል።

እጀታውን ያዙ። በሩን ቀጭ እስኪል ዘጉላትና ድምፅ ወደማይሰማበት ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሱ።