የቲቸር ዘርፈሽዋል ማንበቢያ

ቡታጅራ ውስጥ ሞባይል መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ሥራዬን የሚጠብቅ ሰው አልወድም። ቲቸር ዘርፈሽዋል ግን አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ምን እላለሁ?

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የወረቀት መጽሐፍ ትተዋል። ልጃቸው ሩቲ መጻሕፍት የተጫኑበት፣ ፊደል የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ ማንበቢያ ከአዲስ አበባ ላከችላቸው። እንግሊዝኛውን አሳምሮ ያሳያል፤ አማርኛው ላይ ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራል። መፍትሔው ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዕቃው የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ መቀየር ነው። ሥራው ከተበላሸ ማንበቢያው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

«ሙባሪክ፣ መጀመሪያ የድሮውን ቅዳልኝ» አሉ።

ቀዳሁ። ጁምዓ ደርሶብኝ ስለነበር ገመዱን ነቅዬ ወደ መስጊድ ሮጥኩ። ስመለስ እዚያው ናቸው።

«የቀዳኸውን አየኸው?»

«ቲቸር፣ ተቀድቷል አልኩ እኮ!»

«እኛ ቆጮ ቀብረን ዝም አንልም። ጉድጓዱን እየከፈትን እናያለን፣ ቅጠሉን እንቀይራለን። ያላየኸውን ቆጮ ለእንግዳ ታቀርባለህ?»

ተናደድኩ። አፋቸውን ለማስያዝ ያህል ደግሜ ቀዳሁና ሁለቱን አስተያየሁ። የመጀመሪያው የሁለተኛውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለካ ሳያልቅ ነቅዬዋለሁ! ሦስተኛ ቀዳሁ፤ ከሁለተኛው ጋር ልክ ለልክ ሆነ።

አዲሱን መጫን ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሬ ጠፋ፤ ማንበቢያውም ብነካካው ጭጭ አለ።

«በቃ፣ ሞተ?» አሉ ቲቸር። ድምፃቸው አነሰብኝ። አልዋሽም፣ ፈራሁ።

ከጎረቤቴ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ተዋስኩ። መብራቱ ሲመጣ፣ ደግሞ ቢሄድ እንዳያቋርጠኝ፣ የቀዳሁትን ወደ ላፕቶፑ አዛውሬ የድሮውን ፕሮግራም መልሼ ጫንኩ። ማንበቢያው ብልጭ አለና ነቃ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስጮህ የመንገዱ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እዚህ ላይ ይቅርብን፣ ቲቸር?»

«ቅጂው ደህና አይደል እንዴ? ጀምር!»

ጀመርኩ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። አለቀ። ከአማርኛ መጻሕፍቱ አንዱን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

ቲቸር ማንበቢያውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አፈጠጡ። በጣታቸው አንድ ገጽ ገለጡ፤ ቆይተው ሌላ ገለጡ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁና ደነገጥኩ።

«ቲቸር፣ ምነው? አሁንም ሳጥን ነው እንዴ?»

«ዝም በል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «እያነበብኩ ነው።»