የግራኙ ዱላ

ባሌ ጀይሉ ዱላ ያልነካው ሰው ነበር። ከባቲ የመጣው ሞክሮታል፣ ከደጋ የወረደው ሞክሮታል፤ ሰውነቱ ላይ ያረፈ ዱላ ግን የለም። እንዲህ ያለውን ሰው የጣለው ምን መሰላችሁ? የማሽላ ማማ! ወፍ ሊጠብቅ ወጥቶ፣ ወንጭፉን አዙሮ ሳይለቅ እግሩ ሾልኮ ቁልቁል ወረደና በቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ። ወፎቹ ማሽላውን ሲለቅሙ እሱ ከሥር ተጋድሞ ያያቸዋል። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ መጀመሪያ ያለኝ ቃል «ረቢአ፣ ሰው አየ?» የሚል ነው። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሰው አየ ወይ ይለኛል! የዚህን ሰውዬ ኩራት ልኩን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

ወጌሻው በሸንበቆ አሰረለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ገጠመ። ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሳም አለ። ይጎርስበታል፣ ለሶላት ይታጠብበታል፤ ዱላ ወደ ራስ ሲወርድ ግን ተነሥቶ ካልመከተ ምን ይሠራል።

ይህ በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሚሴ ያኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት ሱቆች፣ በመሀል ደግሞ አቧራ እያስነሣ የሚያልፍ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ የጨፋ ወንዶች ዱላ የሚማሩበት ሜዳ አለ። ዙሪያውን ሰው ስለሚቆም ክቡ እንለዋለን። ጀማሪ በልምጭ ይጀምራል፤ ልምጭ ያቃጥላል እንጂ አይሰብርም። መመከት ሲያውቅ ሽመል ይሰጠዋል። ደገኞች ከላይ ማውረድ ይወዳሉ። የኛዎቹ ጎንበስ ብለው ይጠብቁና የመጣውን ዱላ ወደ ጎን አሳልፈው ይገባሉ። ጀይሉ ተማሪዎቹን «ዱላ እንግዳ ነው፤ በር ላይ ተቀብለህ ሸኘው» ይላቸው ነበር። የቤታችንን እንግዳ ግን በር ላይ ሸኝቶ አያውቅም፤ ክቡ በተበተነ ቁጥር ሁሉንም ለእራት ይዞብኝ ይመጣል።

ክቡ ውስጥ እስላም ክርስቲያን የሚል የለም። የጀይሉ ዋና ተማሪ እንየው የሚባል የከተማ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ማተቡን ወደ ጀርባው አዙሮ ሲገጥም ማየት ነው! ለሁሉም አንድ ሕግ አላቸው፤ ተማሪ የአስተማሪውን ዱላ ይሸከማል። ከቤቱ እስከ ሜዳው፣ ከሜዳው እስከ ቤቱ፣ ከኋላው እየሄደ ይሸከምለታል። እከሌ አስተማሪዬ ነው ብሎ በአፉ የሚናገር የለም፤ ዱላውን የተሸከመ ተናገረ ማለት ነው። የጀይሉን ዱላ ለመሸከም ሲሻሙ ደጄ ላይ ያስቀመጥኩትን ገንቦ ሰብረውብኛል።

ሌላም ሕግ ነበር። ይህን ያወጣው ጀይሉ ራሱ ነው፤ ግራኝ ክቡ አይገባም። ታላቅ ወንድሙ ይመር በወጣትነቱ አንድ ዓይኑን ያጣው ከግራኝ ሰው ጋር ሲጋጠም ነው። የግራኝ ዱላ ባልጠበቁት በኩል ይመጣል፣ ጀይሉም «ሁለተኛ ዓይን አላስጠፋም» አለ፣ በቃ ሕግ ሆነ።

የዚህ ሕግ ዕዳ የወደቀው በሙሀመድኑር ላይ ነው። ሙሀመድኑር የጨፋ ገበሬ ነው፤ ጢሙ የሞላ፣ የልጆች አባት። አባቱም አያቱም በዚያ ሜዳ ቆመዋል። አብሮ አደጎቹ በሙሉ ክቡ ውስጥ ናቸው፤ እሱ ብቻ ከሜዳው ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጦ ያያል። ሰዉ ሲበተን ከዋርካው ጋር ብቻውን ይገጥማል፤ የዛፉ ቅርፊት በአንድ ወገን ተልጦ አልቋል። ሰው ሁሉ «ቢታ» እያለ ይጠራዋል፤ በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው። በየዓመቱ ማሽላ ሲታጨድ ይመጣና «አያ ጀይሉ፣ ግራነቱን የሰጠኝ አላህ ነው፤ ያስገቡኝ» ይላል። ጀይሉም «አላህ የሰጠህን አልነሣህም፤ ሜዳውን ግን የምከለክልህ እኔ ነኝ» ይለዋል። ሙሀመድኑርም ዱላውን ይዞ ወደ ዋርካው ይመለሳል።

እንግዲህ ጀይሉ ክንዱ እንዲያ ከሆነ በኋላ ቤት ዋለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ «ጀይሉ አለቀለት» የሚለው ወሬ ገበያው ውስጥ ከኔ ፊት ፊት ይሄዳል። እንየው እየመጣ «አያ፣ ቁጭ ብለው በአፍዎ ያስተምሩን» ቢለው፣ «ቁጭ ብሎ የሚያስተምር ሼህ ነው። እኔ ሼህ ነኝ?» ብሎ መለሰው። ሰው ሲቆጣ ደግ ነው፤ እሱ ግን ዝም ማለት ጀመረ። ያን የመሰለ ተጫዋች ሰው ግድግዳ ሲያይ ይውል ጀመር። ፈራሁ፤ ባሌ ዓይኔ እያየ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ባይ፣ ጀይሉ ዱላውን በግራ እጁ ይዞ ራሱን ለማስተማር ይታገላል። አንዴ ሲያዞረው የገዛ ቅልጥሙን አገኘው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ቀኝህን አውቀዋለሁ፣ ጀይሉ ነው። ይሄን ግራህን ግን ከየት እንዳመጣኸው እንጃ።»

እሱም ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው። ይህችን የተዋጠች ሳቅ ይዤ በገበያ ቀን ሙሀመድኑርን ፈለግሁት። በቆሎውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጓሯችን መጥቶ ጀይሉን ግራ እንዲያስተምረው ለመንኩት። በቆሎውን በጣቱ ሲያምስ ቆየ።

«አያ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም።»

«ታዲያ በዱላ ሊቀበለኝ ነዋ!»

«በግራው እኮ ነው። አያገኝህም።»

ጎረቤቶቹ እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ መጣ። «አካም ቡልተን፣ አያ?» ብሎ ጓሮው በር ላይ ቆመ። ጀይሉ እሱን አየ፣ እኔን አየ፤ የኔን ዓይን ግን አላገኘውም፤ ድንገት ገንቦ ማጠብ አስፈልጎኝ ነበር። ሰላምታውንም አልመለሰ።  ሙሀመድኑር ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለና የጀይሉን እግር በእጁ ይዞ አዞረው፤ ግራውን ወደ ፊት፣ ቀኙን ወደ ኋላ።

«እጅዎ ችግር የለበትም፣ አያ። እግርዎ ነው። እጅዎን ቀይረው እግርዎን ረስተውታል፤ እግርዎ አሁንም ቀኝ ነው።»

ጀይሉ የተዞረ እግሩን ቁልቁል አየው። ይህ ስንቱን ተማሪ ሲገሥጽበት የኖረው ነገር ነው፤ ከእግር ጀምር፣ ከእግር ጀምር ሲል ሰምቼዋለሁ። ዱላውን በግራው አነሣ። ሙሀመድኑር ግን ዱላውን ተቀበለውና ልምጭ ሰጠው። ለጀይሉ ልምጭ!  ጀይሉ ልምጩን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጓሮዬ ሌላ ሆነ። በጀመሩ ሰሞን የሙሀመድኑር ልምጭ ሾለክ አለችና የጀይሉን ባት ጠበስ አደረገችው። ሙሀመድኑር ደንግጦ «አውፍ ይበሉኝ!» አለ። ጀይሉ ባቱን አሸት አሸት አደረገና፣ ያ ስንት ወር የዋጠው ሳቅ አንድ ላይ ወጣ። «ረቢአ፣ ነይ እዪ! ተመታሁ እኮ!» ይላል፣ ስጦታ እንዳገኘ ሰው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ ምን ላድርግ።

ጀይሉ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቆታል። «ይህ ነገር ከዚህ አጥር አይውጣ» አለው። ሙሀመድኑር እሺ አለ። ልቡ ግን እሺ አላለም፤ በገጹ ያስታውቃል። የሚፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከሰው እኩል መቆም ብቻ ነው።

ኢድ ሲቃረብ ጀይሉ ወደ ክቡ ወጣ። እኛ ሴቶች ወንዙ ዳር ሆነን እናያለን። እንየው ፊቱ ቆመ፤ እያዘነለት በቀስታ ሰነዘረ። ጀይሉ በግራው ተቀብሎ ወደ ጎን ሸኘና የሽመሉን ጫፍ በእንየው ደረት ላይ አሳረፈ። እንየው ሁለተኛ ከልቡ ሰነዘረ፤ እንደገና ሸኘው። እልልታው ቀለጠ! እኔ ነኝ ያስጀመርኩት።

እንየው ዱላውን ጥሎ እጁን እየሳመው፣ «አያ፣ ማን አስተማረዎ?» አለ።

 ሙሀመድኑር ከዋርካው ሥር ቀና አለ። ጀይሉ ወደ ዋርካው አየ፣ ወደ ሰዉ አየ።

«አላህ ነው» አለ።

ውሸት አይደለም፤ አላህ የማያስተምረው ማን አለ። ሙሀመድኑር ግን ተነሣ፣ የሽርጡን አቧራ አራገፈና ሄደ።  በቆሎውን ሲያምስበት የነበረው እጁ ትዝ አለኝ።

ቤት እንደገባን አልማርኩትም። «የአላህን ስም መሸሸጊያ አደረግኸው!» አልኩት።

«ምን ላድርግ? እኔ ቀኜ ቢሰበር ነው በግራ የገባሁት፤ በግራኝ ተማርኩ ብዬ ሕጌን ላፍርስ? የይመርን ዓይን የበላ ግራኝ አይደለም ወይ? ወንድሜ ምን ይለኛል?»

«ምን እንደሚልህ እሱ ይንገርህ» ብዬ ነጠላዬን አነሣሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ በማግስቱ ይመርን ከነምርኩዙ አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ይመር ምርኩዙን ይዞ አቀርቅሮ ሰማና በአንድ ዓይኑ እኔን ገረፍ አደረገኝ።

«ረቢአ፣ ለመሊካ እንዳትነግሪብኝ» አለ። መሊካ ሚስቱ ናት።

«ምኑን?»

«ዓይኔን ያጠፋ የሰውዬው ግራ አይደለም። ዱላው ሲመጣ እኔ ዱላውን አላየሁትማ። ቦርከና ላይ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ልጅ እያየሁ ነበር። መሊካን። አባታችን ቢሰማ ያሳፍረኛል ብዬ፣ ግራኝ ነው፣ አልታየኝም አልኩ። ያም ሰው አፍሮ አገር ለቆ ሄደ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ጀይሉ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ይህን ሁሉ ዘመን ደበቅኸኝ፣ ይመር?»

«አንተ ሕግ ስታወጣበት መች ጠየቅኸኝ?»

 ጀይሉ የዋለበትም ያደረበትም ዝምታ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ የሚያስብ ሰው ዝምታ ነው። አልነካሁትም።

ጁምአ ሆነ። ከሶላት በኋላ ክቡ ሊሰበሰብ ነው፤ እንየውና ጓደኞቹ የጀይሉን ዱላ ሊሸከሙ ደጄ ላይ ተኮለኮሉ። ገንቦዬን ሰብስቤ አስገባሁ። ዱላው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ጀይሉ ግን የለም።

«ዱላው እዚህ ነው፤ አያ ያለ ዱላ ወዴት ሄዱ?» አለ እንየው።

«እኔስ መች አወቅሁ» አልኩት።  ተያይዘን ወደ መንገዱ ወጣን።

ከጨፋ በኩል፣ በሱቆቹ መሀል፣ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ከፊት ሙሀመድኑር ነው፤ ባዶ እጁን፣ አንገቱን ደፍቶ። ከኋላው ጀይሉ ነው። በግራ ትከሻው ላይ ዱላ ተሸክሟል፤ ዱላው የሱ አይደለም። በዋርካው ቅርፊት ጫፉ የተበላ፣ የሙሀመድኑር ዱላ ነው።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እጀታ ማዞር ተወ። ከሱቅ ደጃፍ የተቀመጡት አንድ በአንድ ተነሡ። ከደሴ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ጀይሉ አልዞረም፣ መንገዱንም አልለቀቀም፤ ሾፌሩ ራሱ ቆመ።

ሙሀመድኑር በየእርምጃው ይዞራል። «አያ ጀይሉ፣ ኧረ ይስጡኝ! ወላሂ አፈርኩ።»

«ፊት ፊትህን እይ። አስተማሪ ወደ ኋላ አያይም።»

እንዲህ እያሉ በፊታችን አለፉ፤ እኛም ከኋላ ተከተልን። ሜዳው ሲደርሱ ክቡ ተሠርቶ ይጠብቃል። እንየው ሮጦ ቦታውን ያዘና ሁለቱን አያቸው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ ክቡን ከፈተ። ሙሀመድኑር ዋርካውን አለፈው። ክቡ አፍ ላይ ግን እግሩ ተያዘ። ጀይሉ ተማሪ እንደሚያደርገው ከውጭ ቆሞ ጠበቀው። «ግባ እንጂ፤ አንተ ሳትገባ እኔ መች እገባለሁ» አለው።

ገባ። ጀይሉም ተከትሎት ገባና ዱላውን በሁለት እጁ አቀረበለት፤ በደኅናው ግራውና በዚያ በተጣመመው ቀኙ፣ የቻለለትን ያህል አንሥቶ። ሙሀመድኑር በግራው ተቀበለው። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ ሊጠርገውም አልሞከረም። ይመር ከሰዉ መሀል ምርኩዙን ከፍ አድርጎ «ማሻ አላህ!» ሲል ሰማሁት።

ጀይሉ ዘወር ብሎ በሴቶቹ መሀል ፈለገኝና አገኘኝ።

«ረቢአ!» አለ ጮክ ብሎ፣ «ሰው አየ?»

«ከሚሴ በሙሉ አየ!» አልኩት።

«እሰይ» አለና እንደ ጀማሪ ተማሪ ለመጋጠም ከመሬት ልምጭ አነሣ።