ግራ ትከሻን የማይጫን ቦርሳ

ወይንሸት የቦርሳ መሸጫውን ደፍ ስትረግጥ ልቧ ይመታ ነበር። ላያት ሰው ዕቃ ልትገዛ ሳይሆን ፈተና ልትቀመጥ የመጣች ትመስላለች። ሱቁ ገርጂ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በተራራ መውጫ ቦርሳ ተሸፍኗል።

«ነይ እንጂ! በር ላይ ምን ያስቆምሻል?» አለች ምንትዋብ፣ ቀድማ ገብታ አንድ ቀይ ቦርሳ እያገላበጠች።

ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት፤ ወይንሸት ሒሳብ፣ ምንትዋብ ጂኦግራፊ። በመምህራን ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዘንድሮ ሴት መምህራኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያት ሰፈር ወዲያ ያሉትን ኮረብቶች መውጣት ሲጀምሩ፣ ወይንሸትን ሳታማክር ያስመዘገበቻት ምንትዋብ ናት። ወይንሸትም አልተቃወመችም። መሄድ አጥብቃ ፈልጋ ነበር።

ምንትዋብ የማታውቀው ነገር ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ወይንሸት «ክረምቱን እህቴ ጋ ሐዋሳ ልከርም ነው» ብላ የተሰናበተቻት ጊዜ፣ የከረመችው ሆስፒታል ነው። ግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ከብብቷ ሥርም ዕጢዎች ተነሡ። ከልጇ ከሮሃ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጡት መያዣዋ ውስጥ ስፖንጅ እያደረገች ሥራዋን ቀጠለች። ስለ ኮረብታው ስትጠይቀው ሐኪሟ አልከለከላትም።

«መሄዱ ይጠቅምሻል» አላት። «ብቻ ግራ ትከሻሽ ላይ ክብደት እንዳይቀመጥ። እጅሽ ከከበደሽ እዚያው ቁሚ። አንዴ ካበጠ በቀላሉ አይመለስም።»

ባለ ሱቁ ሱልጣን ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወይንሸትን ጀርባዋን እንድትሰጠው ጠየቃትና ከአንገቷ ሥር ካለችው አጥንት እስከ ዳሌዋ አጥንት ጫፍ ሜትሩን ዘረጋ።

«ወሳኙ ቁመትዎ አይደለም፣ የጀርባዎ ርዝመት ነው» አለ። «ሠላሳ ስምንት። ትንሹ ይሆንዎታል።»

አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ከትቶ አምስት ኪሎ ያህል ያለው ቦርሳ አሸከማት። ማንገቻው ወዲያው ትከሻዋን ቆረጠማት። ወይንሸት ፊቷን ላለማጨማደድ ከንፈሯን ነከሰች።

«የደረቱን ማያያዣ ረሳሽው እኮ!» ምንትዋብ ከፊቷ መጥታ ቀጭ አደረገችና ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።

ወይንሸት መስታወቱን አየች። ስፖንጁ ከቦታው ተነሥቶ ወደ አንገቷ አጥንት ወጥቷል። በሸሚዟ ሥር ያበጠ ነገር ይታያል።

«ቆይ፣ ፎቶ ላንሳሽ» አለች ምንትዋብ፣ ስልኳን ከእጅ ቦርሳዋ እየፈለገች።

ወይንሸት ማያያዣውን ፈታች፤ ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጥላ ወጣች። ደረጃው ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስፖንጁን መለሰች። «ራሴን አመመኝ» ብላ መሄድ ትችላለች። ቅዳሜም ቤቷ መዋል ትችላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሸሽ ኖራለች፤ ከልብስ ሰፊ፣ ከመዋኛ፣ ከወዳጆቿ ጥብቅ እቅፍ እንኳ ሳይቀር። ከታች የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማታል። ሁለት ደረጃ ወረደች። ቆመች። ከዚያ ተመለሰች።

ሁለቱ እንደተደናገጡ ቆመው አገኘቻቸው።

«ግራ ጡቴ የለም» አለች ሱልጣንን እያየች። ወደ ምንትዋብ ማየት አልቻለችም። «በቀዶ ጥገና ወጥቷል። በዚህ በኩል ክብደት መሸከም አልችልም። የሚሆን ካለህ አሳየኝ፤ ከሌለህ ልሂድ።»

ሱልጣን ሜትሩን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልኬቱን ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ቅድም ጎንዎን እየጠበቁ፣ ጎበጥ ብለው ነበር የቆሙት። እስቲ ከቻሉ ቀጥ ይበሉ።»

ወይንሸት ቀና ለማለት ሞከረች። ጠባሳው ተወጠረ፤ አቃጠላት። ዓይኗን ጨፍና ቀና አለች።

«አርባ ሁለት» አለ ሱልጣን እንደገና ለክቶ። «አራት ሴንቲሜትር! ለዚህ ነው የቆረጠመዎት። ቦርሳው ሲያጥር የወገቡ ቀበቶ ዳሌ ላይ አይቀመጥም፤ ሆድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ሸክሙን ሁሉ ትከሻ ይይዘዋል።»

ለሴት የተሠራ መካከለኛ ቦርሳ አወረደና የአሸዋ ከረጢቶቹን ከተተበት። ማንገቻው ጠበብ ያለ ነው፣ ደረት አጠገብ ሲደርስ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ የደረቱ ማያያዣም ወደ ላይ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሁሉንም አላልቶ ቀበቶውን ዳሌዋ አጥንት ላይ አሳሰራት። ማንገቻውን መጨረሻ ላይ፣ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያህል ብቻ አጠበቀ።

«በግራው ማንገቻ ሥር ሁለት ጣት ያስገቡ። ይገባል?»

«ይገባል።»

«አሁን ደረጃውን ሦስት ጊዜ ይውጡ ይውረዱ። እዚህ ያልታየ ጉድለት ተራራ ላይ ነው የሚታየው።»

ወይንሸት እየቆጠረች ወረደች፣ ወጣች። በየፎቁ ግራ እጇን እየጨበጠች ትፈታለች። በሁለተኛው ዙር ትከሻዋ ላይ ክብደት ተሰማት፤ ላብ አጠመቃት። ይህም አልሆነም ማለት ነው? ቀበቶዋን ዳሰሰች። ላልቷል። አጠበቀችው። ሸክሙ ወደ ዳሌዋ ወረደ። በሦስተኛው ዙር የሚሰማት የጉልበቷ ድካም ብቻ ነበር።

ቦርሳውን ገዛች። ምንትዋብ ቀድማት ወርዳ ታክሲ አስቆመች። ታክሲው ውስጥ፣ መስኮቱን እያየች፣ «ዓሣ አምጪልኝ ብዬሽ ነበር» አለች። «ከሐዋሳ። አምጥተሽልኛል። ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ሮሃ ናት የገዛችው። ከዚሁ ከመገናኛ።»

«እኔ ደግሞ የሐዋሳ ዓሣ ለየት ይላል እያልኩ ለጎረቤት አዳረስኩ!» ድምፅዋ ተሰበረ። መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች፤ ደህና ዋይ እንኳ አላለቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሴቶች ከአያት ተነሥተው ኮረብታውን ተያያዙት። ምንትዋብ ከፊት ነበረች፤ ዞር ብላም አላየች። የመጀመሪያውን ሰዓት ወይንሸት በደህና ተጓዘች። ዳገቱ ሲከፋ ግን ግራ ክንዷ እንደ እርጥብ ልብስ ከበዳት። ጨበጠች፣ ፈታች። ጣቶቿ ደንዘዝ ብለዋል። ሌሎቹ እየራቁ ነው። ዝም ብላ ብትከተል ማንም አያውቅም፤ ግን እጇ አንዴ ካበጠ እንዳበጠ ሊቀር ይችላል።

«ቁሙልኝ!» ብላ ጮኸች። «እጄ ከብዶኛል፤ ሳያብጥ ማረፍ አለብኝ!»

ምንትዋብ ድንጋዩን እያንሸራተተች ስትወርድ ከሁሉም ቀደመች። ሌሎቹን በእጇ «እናንተ ቀጥሉ» አለቻቸው። ቦርሳውን ከወይንሸት ላይ አወረደች፤ አጠገቧ ተቀምጣም ክንዷን በራሷ ትከሻ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አብጧል?»

«አላውቅም። ትንሽ እንይ።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው የወይንሸትን ጣቶች ያዩ ጀመር።

«ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርሽም?» አለች ምንትዋብ።

«ስታዝኚልኝ ማየት ፈርቼ።»

«አዘንኩልሽ?»

«አይ፤ ተቆጣሽኝ።»

«አሁንም እንደተቆጣሁ ነው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ለቁጣው ጊዜ አለን። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ።»

ወይንሸት አንቀሳቀሰች። ድንዛዜው ቀስ በቀስ ለቀቃት፤ ጣቶቿ እንደ ቀኝ እጇ ቀጫጭን ናቸው፣ አላበጡም። ምንትዋብ ከቦርሳው የውሃ ጠርሙሶቹን አውጥታ ወደ ራሷ ቦርሳ ከተተች፤ ማንገቻዎቹን አላልታ ቀበቶውን አጠበቀችላት። በየመቶ እርምጃው እየቆሙ ወጡ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ምሳ ጀምረዋል። «ምን ሆናችሁ ይህን ያህል ቆያችሁ?» አለች አንዷ።

ምንትዋብ ወደ ወይንሸት አየች። ወይንሸት ቦርሳዋን አወረደች፣ ውሃ ጠጣች፣ ክብ ሠርተው ከተቀመጡት መካከል ቦታ ይዛ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።