ክሩ መቼ ወረደ

"ቆይ፣ ቆይ። አንዳችን ተሳስተናል" አለ ገብረ ክርስቶስ፣ አኮርዲዮኑን እንዳቀፈ።

ደምለው ጣቶቹን ከጊታሩ ክር ላይ አነሳ። በሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለነገው የዘውድ በዓል አግዳሚ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ። ነገሩን ለማወቅ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው ሲጮኹ በአንድ ግቢ የሚኖሩ የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስሉ ነበር።

"ጊታሩ ነው" አለ ገብረ ክርስቶስ። "ይቅርታ አድርግልኝና ወርዷል። አኮርዲዮን እንደሆነ መቃኛ የለውም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።"

"መንገዱ ነዋ" አለ ደምለው ቶሎ ብሎ። "ከቢቸና እስከዚህ ጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ መጣ። ክር ደግሞ ይላላል።"

"ስድስቱም እኩል?"

ደምለው ጎንበስ ብሎ መቃኛዎቹን ነካካ። ምን ይበል? አንድ ክር ቢላላ የመንገድ ነው፤ ስድስቱ ተማክረው እኩል ከወረዱ ግን የሰው እጅ አለበት።

ገብረ ክርስቶስ የአስመራ ልጅ ነው። መንግሥት ለሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ አድርጎ ላከው፤ አገሬው ደግሞ በገዛ ሥልጣኑ ዶክተር አድርጎ ሾመው። አኮርዲዮኑን ከቤቱ ይዞ መምጣቱ ስለተሰማ፣ ነገ ከእነ ደምለው ጋር እንዲጫወት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታዝዟል።

እነ ደምለው ማለት ባልና ሚስት ናቸው። ቢቸና ውስጥ በወይዘሮ ፋንታነሽ መጠጥ ቤት እሱ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ይመታል፣ ሚስቱ ባንቺዓለም ትዘፍናለች። የቢቸና ሰው ጊታሩን "የባትሪ ክራር" እያለ ይቀልድበታል፤ በባንቺዓለም ድምፅ ግን ቀልድ አያውቅም። ሞጣ የተወለደችበት አገር ናት። የመሪጌታ ልጅ ሆና አዝማሪ ተከትላ ጠፋች ተብሎ ያልተባለ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ አገሯን ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ነገ ያ ያማት ሰው ሁሉ እዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ይሰማታል። መንገዱን ሙሉ ስታንጎራጉር የመጣችው ለዚህ ነበር። "ድምፄ እንደሆነ ልክ እንደ ልጅነቴ ነው፤ ቅንጣት አልወረደም" ትል ነበር፣ ለሾፌሩ ሳይቀር። ደምለው ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞር ነበር።

የወረደውማ ወርዷል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። አንዱ ሰካራም እንደ ዶሮ ጮኸባት፤ ቤቱ ሳቀ። ባንቺዓለም ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ደምለው ከደጅ ቆሞ ሰማት። በማግስቱ እሷ ገበያ ስትወጣ ስድስቱንም ክሮች ጥቂት ጥቂት አላላቸው። ሌላ መሣሪያ በሌለበት ቤት ማን ያውቅበታል? ማታ ዘፈኑ ከክሩ ጋር ዝቅ ስላለ ያ እምቢ ያላት ቦታ ደህና አድርጎ ወጣላት። "አየህ፣ ብርድ ነበር" አለችው እየሳቀች። ሳቋን ሲያይ ደግ ነገር የሠራ መሰለው፣ ምስኪን። ግንቦት ላይ ደግሞ አላላው። ነሐሴም እንደዚሁ።

በዚያው ሰሞን አንገቷ ይሞላ ጀመር። በልጅነቷ የተነቀሰችው፣ ጥብቅ ጥብቅ ያለው የንቅሳት መስመር፣ እየተራራቀ ሄደ። የቢቸና ሴቶች "እሰይ፣ ኑሮ ተስማማሽ፤ አንገትሽ ሞላ" ይሏታል። ሚስትህ አማረባት የተባለ ባል ምን ይሆናል? ይኮራል እንጂ። ወይዘሮ ፋንታነሽም "እኔ ቤት በልታ ነው" እያሉ ምስጋናውን ለራሳቸው ወሰዱት።

"ታዲያ ምን ያስጨንቃል?" አለች አሁን ባንቺዓለም። "ከዶክተሩ ጋር አስተካክለው። እኔ እንደሆንኩ እደርስበታለሁ።"

ደምለው ክሮቹን ያጠብቅ ጀመር። ገብረ ክርስቶስ ከአኮርዲዮኑ አንድ ድምፅ ይሰጠዋል፣ እሱ መቃኛውን ያዞራል። "ገና ነው" ይለዋል። እንደገና ያዞራል። "ገና ነው።" "ገና ነው" በተባለ ቁጥር ባንቺዓለምን በስርቆት ያያታል። ምነው ክሩ በተበጠሰልኝ ብሎ ተመኘ። አልተበጠሰም።

ባንቺዓለም ዘፈኑን አነሳች። መጀመሪያው ደህና ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ ድምጿ ሻክሮ ቆመ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። ቆመ። እጇን አንገቷ ላይ አደረገችና ባሏን አየችው።

"ዛሬ ምን ነካኝ?"

ገብረ ክርስቶስ አኮርዲዮኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ መጣ። ሙዚቃው ከፊቱ ጠፍቷል። "ይፍቀዱልኝ" ብሎ አንገቷን ዳሰሰ፤ ምራቋን እንድትውጥም ነገራት።

"ድምፅዎ መውረድ የጀመረው መቼ ነው?"

"ኧረ አልወረደም። ትናንት እንኳ ቢቸና ስዘፍን ነበር፤ እሱን ይጠይቁት።"

"ይህስ እብጠት?"

"የምን እብጠት? ውፍረት ነው እንጂ።"

"እንቅርት ነው፣ እመቤቴ። በዚህ አገር ብዙ አያለሁ፤ ብዙውም አይጎዳም። ድምፅ የሚይዘው ግን ይለያል። መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል ቶሎ እንደወረደ ካላወቅሁ ምንም ልልዎ አልችልም።"

"አልወረደም አልኩዎ እኮ።"

ደምለው ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንድ እሱ ብቻ ነው፤ ያውም በጆሮው ሳይሆን በጣቱ። መናገር ማለት ደግሞ በተወለደችበት አገር፣ በሰው ፊት፣ የምትኮራበትን አንድ ነገር ከእጇ መንጠቅ ነው። ጊታሩን እንዳቀፈ መሬት መሬቱን አየ።

"ከፋሲካ ወዲህ ነው" አለ።

"ምኑ?" አለች ባንቺዓለም።

"ድምፅሽ። ያን ቅዳሜ ከሳቁብሽ በኋላ ክሩን አወረድኩት። ግንቦት ላይ ደገምኩ። ነሐሴ ላይ በአንዴ ብዙ ነው ያወረድኩት። ከመስቀል ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ።"

አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚጎትት ሰው አልነበረም። ሁሉም ይሰማል።

"ፈጥኗል" አለ ገብረ ክርስቶስ ቀስ ብሎ። "ለስላሳ ሳለ ብትመጡ እዚሁ በመድኃኒት እንሞክረው ነበር። አሁን ጠንክሯል። አዲስ አበባ ሐኪም ይየው። ኦፕራሲዮንም ያስፈልገው ይሆናል።"

"ድምፄስ? ይመለሳል?"

"እሱን አላውቅም። አልዋሽዎትም።"

ይህ የመጨረሻው ቃል ለእሷ የተነገረ ነው፤ የወጋው ግን ደምለውን ነው። ባንቺዓለም ወደ እሱ ዞረች።

"ክሩን ነው ያወረድከው ወይስ እኔን?"

"እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ ባንቺ።"

"ባዝን ምን ነበረበት? አዝኜ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። እኔ እኮ የማምነው ጉሮሮዬን አልነበረም፤ ያንተን ክር ነበር። ክሩ ደርሰሻል ሲለኝ ደርሻለሁ እላለሁ።"

ደምለው ያችን እሁድ፣ እሷ ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ ጊታሩን ከግድግዳው ያወረደባትን ሰዓት አሰበና ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው አለ በልቡ። ከሳቅ ሊያድናት ብሎ ከሐኪም ደበቃት። በሽታው በድምጿ ሲጣራ እሱ በየወሩ አፉን ሲያፍነው ከረመ። አሁን ቢጸጸት፣ መሬት ላይ ቢንከባለል፣ የአንዱንም ወር ያህል አይመልስላትም።

"የነገው ይቅር" አለ ገብረ ክርስቶስ። "ታማለች ብዬ ለጽሕፈት ቤቱ እኔው እነግርልዎታለሁ።"

"አይቀርም" አለች። "ነገ እዘፍናለሁ፤ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ እንሄዳለን። እርስዎን ግን ይቅርታ፣ አኮርዲዮኑ ለነገ ይረፍ።"

ከዚያ መጥታ ደምለው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሱም ከልማዱ የተነሳ እጁን ወደ መቃኛው ሰደደ።

"እጅህን አንሳ" አለችው። "ዝም ብለህ አንዱን ክር ምታልኝ።"

መታላት። ባንቺዓለም ያን ከፍ የሚለውን ቦታ በለሆሳስ እያለች መቃኛውን በገዛ እጇ ታዞር ጀመር። ጊታር ነክታ አታውቅም፤ ጣቷ እየፈራ ነበር የሚያዞረው። ድምጿ ሻከረ፤ አወረደችው። እንደገና ሻከረ፤ አወረደችው። ክሩ ደምለው ትናንት ቢቸና ከተወበት ቦታ ደረሰ።

"እዚህ ጋ ነበር" አላት ቀስ ብሎ።

"አይደለም" አለችና ማዞሯን ቀጠለች።

ክሩ ከዚያም አለፈ። ያን ጊዜ ነገሩ ለደምለው ገባው። ያወረደው አልበቃም ነበር። ይህን ሁሉ ወር፣ እሱ ደረሰች ብሎ ሲደሰት፣ እሷ ብርድ ነው እያለች ለብቻዋ ስትታገል ኖራለች። ክሩ በጣም ከመላላቱ የተነሳ መርገብገብ ሲጀምር ድምጿ ወጣ፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ግን ያልተሰነጠቀ። መስመሩን እስከ መጨረሻው አለችውና እጇን ከመቃኛው አነሳች።

"እዚህ ጋ ነኝ" አለች።

ደምለው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የቀሩትን አምስት ክሮች በዚያኛው ክር ልክ ማውረድ ጀመረ፤ አንዱንም እሷ ሳታይ አላዞረም።